አባትሽ ቃል ሲፈልግ

ልጄ፣ እጅሽ የነካው ይባረክ፣ የረገጥሽው ይለምልምልሽ። እኛ ደህና ነን፤ አሁን ደህና ነን ስልሽ የእውነቴን ነው።

ከሦስት ሳምንት በፊት አባትሽ ሱሪ እየሰፋ ሳለ "ራሴን! ራሴን!" ብሎ ስፌት መኪናው ላይ ተደፋ። ለካ ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈሶ ኖሯል። ጎረቤታችን ባለታክሲው ተሸክሞት ወደ ሆስፒታል በረረ። ያልነገርኩሽ ሰው አገር ብቻሽን እንዳትደነግጪ ብዬ ነው፤ አትቀየሚኝ።

ሐኪሟ ሲቲ ስካኑን አይታ፣ "የፈሰሰው ትንሽ ነው፣ ቦታውም ክፉ አይደለም፤ ደግሞም ሳትቆዩ መጥታችኋል። ዋናው ግን መንቃታቸው ነው" አለችኝ። ከዚያ ጎንበስ ብላ "አባባ፣ እኚህ ማን ናቸው?" ስትለው፣ በተጣመመ አፉ "አለቃዬ" አላት። እየሳቅኩ አለቀስኩ።

አሁን በከዘራ ይራመዳል፤ ቀኝ እጁ ግን ገና መርፌ አይጨብጥም። "ድኛለሁ" እያለ የግፊት ኪኒኑን መዝለል ያምረዋል። እኔ ደግሞ ሳይውጥ ቁርስ የለም ብዬዋለሁ።

እሁድ ስትደውዪ አንድ ነገር ልለምንሽ። ቃል ሲጠፋው ቀድመሽ አትናገሪለት፤ ዝም ብለሽ ጠብቂው። ትናንት ስምሽን ሲፈልግ ላብ እስኪያጠምቀው ታገለ። እኔም አፌን ይዤ ጠበቅኩት። አገኘው።

በጤና አገናኝቶ ያስተቃቅፈን።

እናትሽ