የማያቃስተው ዲስክ

ሐዋሳ፣ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ
ግንቦት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ኩዌት ላለሽው ልጄ ለብርቅዬ፤

እንዴት ሰነበትሽ የኔ እናት? እግርሽስ ማበጡን ተወ? እኔ ጉልበቴን ከማስታመም በቀር ደህና ነኝ፣ ጌታ ይመስገን። ልጅሽ ናርዶስም ደህና ናት። ከስታለች ብልሽ በስልክ ትጮሂባታለሽ፣ ስለዚህ አልከሳችም።

ይሄን ደብዳቤ የምታመጣልሽ ለሥራ ወደዚያው ወደ ኩዌት የምትመጣው ጎረቤታችን ሀያት ናት። አርብ በዕረፍታችሁ ቀን፣ ጠዋት፣ ቁርስ ከበላሽ በኋላ እንድትሰጥሽ፣ አንብበሽ እስክትጨርሺም ከአጠገብሽ እንዳትነሳ ቃል አስገብቻታለሁ። ክፉ አታስቢ። የእጄን ጽሑፍ ታውቂዋለሽ፣ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ የለቀምኳት ናት፤ ለአንድ ሰው ዓይን ትከብዳለች፣ ሁለት ሆናችሁ ብታዩዋት ይሻላል ብዬ ነው። በስልክ እንዳልነግርሽ ደሞ አታስጨርሺኝም። «እማዬ፣ ኢዮብ ትናንት ማታም ታየ እኮ» ትያለሽ፣ ከዛ ታለቅሻለሽ፣ ከዛ ካርዱ ያልቃል። ናርዶስን ጻፊልኝ እንዳልላት ደሞ ለሷ የሚጻፍ አይደለም።

ወሬው የኮምፒውተር ነው። የኢዮብ ኮምፒውተር።

ልጅሽ ወደ ደቡብ አፍሪካ ብሎ ከወጣና ድምፁ ከጠፋ ጀምሮ ጨርቅ አልብሼው ጥግ ላይ ተቀምጦ ነበር። ዘንድሮ ናርዶስ ኮሌጅ ስትገባ ለጥናት አወጣነው። ሲከፈት ድምፅ አለው፤ ክርክር፣ ክርክር ይላል፣ ጣራ ውስጥ እንዳለች አይጥ። ኢዮብ የሠርግ ካርድ ሲሠራበት ያመሸ የነበረው ድምፁ ነው። እኔ ኩሽና ሆኜ ስሰማው ልቤ ይሳሳታል። አንድ ምሽት ሻይ ቀድቼ፣ ስኳሩን እሱ እንደሚወደው ቆለል አድርጌ፣ ይዤ ገባሁ። ናርዶስ ዞር ብላ አየችኝ። ስኳር እንደማትወድ ታውቂያለሽ፤ ተቀብላ እስከ መጨረሻው ጠጣችው።

እንግዲህ ይሄ ኮምፒውተር እያረጀ እያረጀ፣ ቁልፉን ተጭነሽ ወፍጮ ቤት ደርሰሽ ብትመለሺ ገና ሲያስብ ታገኚዋለሽ። የግቢያችንን ሰርቪስ ቤት የተከራየው ምንያህል ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ኮምፒውተር የሚጠግን ነው፤ የጎጃም ልጅ ነው፣ ሥርዓት ያለው። ጠራሁት። ጆሮውን አስጠግቶ እንደ ሐኪም አዳመጠውና «እማማ፣ ሃርድ ዲስኩ ሊሞት ነው» አለኝ። እዚህ ቤት ይሄ ቃል አይነገርም አልኩት። ደነገጠና፣ ሊያርፍ ነው አለ። ባሰ አልኩት።

ከዛ አስረዳኝ። አሮጌው ዲስክ ውስጡ የሚሽከረከር ሳህን አለው፣ ላዩ ላይ መርፌ ይሄዳል፤ የሚያቃስተው እሱ ነው። አሁን ኤስኤስዲ የሚሉት መጥቷል፣ ውስጡ ምንም አይዞርም፣ ያ ከገባለት ይሄ ሽማግሌ ኮምፒውተር እንደ ጎረምሳ ይሮጣል አለኝ። በል እንሂድ፣ እኔም አለሁ አልኩ። ናርዶስ አፈረች። ሽንኩርት ስገዛ የማታፍሪብኝን ዲስክ ስገዛ ምን ያሳፍርሻል አልኳት።

መጀመሪያ የገባንበት ሱቅ፣ ልጁ ምላሱ ቅቤ ነው፤ ትልቅ የሚይዝ፣ አንድ ቴራ፣ በርካሽ እሰጣችኋለሁ አለ። ምንያህል መዳፉ ላይ አድርጎ መዘነውና አመስግኖ መለሰለት። ውጭ ስንወጣ ነገረኝ፦ ቀፎው ባዶ ነው፣ ውስጡ የስልክ ሚሞሪ የምታክል ነገር በሙጫ ተለጥፋለች፣ ትልቅ ነኝ ብላ እንድትዋሽ ተደርጋ የተሠራች ናት። የሰጠሽውን ሁሉ ተቀብያለሁ፣ አስቀምጫለሁ ትላለች፤ ስትጠይቂያት ግን የለም። ደላላ ናት በለኛ አልኩት። ምንያህል ሳቀ። ናርዶስ አልሳቀችም፤ ወንድሟን ሞያሌ ድረስ ሸኝቶ ስልኩን ያጠፋውን ሰውዬ አስባ ነው።

ሌላው ሱቅ ያሳየን እንደ ማስቲካ የቀጠነ ነው፤ የኛ ኮምፒውተር የዛን መሰኪያ አያውቀውም። ሌላው ደሞ ያገለገለ ሰጠን። ምንያህል ከራሱ ላፕቶፕ ጋር ሲሰካው፣ ስንት እንደሠራና ምን ያህል ጤና እንደቀረው ጻፈለት። እኔ ወደድኩት። ሠርቶ ያልሞተ ይሻላል፣ ተፈትኗል አልኩ። ምንያህል ግን ራሱን ነቀነቀ። «እማማ፣ አሮጌው ዲስክ ሊያልቅ ሲል ያቃስታል፣ ያስጠነቅቅዎታል። ይሄ ዓይነቱ ግን ብዙ ጊዜ ድምፅ የለውም። ትናንት ደህና ነበር፣ ዛሬ የለም» አለኝ።

ዲስኩን ለባለሱቁ መለስኩለት። ናርዶስ ክንዴን ያዘችኝ።

በመጨረሻ ስሙ የታወቀ፣ ያልተከፈተ፣ ዋስትና ያለው ገዛን። ትልቅ አይደለም ግን አይዋሽም። ምንያህል ቁጥሩን በኢንተርኔት አስገብቶ እውነተኛ መሆኑን ሳያይ ኪሴን አላስከፈተኝም። እንዲያም ሆኖ ፎቶዎቹን ሌላ ቦታ ደግማችሁ አስቀምጡ፣ አንድ ነገር ላይ ብቻ ተስፋችሁን አትጣሉ አለን።

ቤት ስንገባ ጠየቀኝ፦ ባዶውን እንጀምር ወይስ የአሮጌውን እንዳለ እንገልብጠው? እንዳለ አልኩት፣ የሱ አቧራ እንኳን እንዳይቀር። ሁለቱን ጎን ለጎን አገናኛቸው። አሮጌው ከሰዓቱን ሙሉ እያቃሰተ ያለውን ሁሉ ለአዲሱ አስረከበ። እኔ እንደ በሽተኛ አጠገቡ ቁጭ ብዬ መብራት እንዳይሄድ ስጸልይ ዋልኩ። ጨረሰ። አዲሱን ከቶ ኮምፒውተሩን ገጠመና ቁልፉን ተጫነው። ልጄ፣ እጁን ሳያነሳ ተከፈተ። ድምፅ የለም። ጆሮዬን አስጠጋሁ፣ ምንም የለም። ቤቱ እንዲህ ጭር የሚል አይመስለኝም ነበር።

ከዛ ቴሌግራም የሚሉት ራሱ ተከፍቶ መጣ፤ የኢዮብ ስም፣ ቢጫ ሸሚዝ የለበሰበት ፎቶ። ለካ ድሮም ኮምፒውተሩ በተከፈተ ቁጥር ይመጣ ነበር፤ ናርዶስ ስሙን ማየት እያቃታት ቶሎ ትሸፍነውና ወደ ጥናቷ ትሄዳለች። ምንያህል የሱን ነገር አያውቅም። ዝም ብሎ፣ «ይሄ የማን ነው? ይሄ በተከፈተ ቁጥር እኮ ለሌላው ሰው ኦንላይን ነው ብሎ ያሳያል» አለ።

ናርዶስ የራሷን ስልክ አወጣች። የወንድሟ ስም ላይ ኦንላይን ነው የምትለው አረንጓዴ ነጥብ በርታለች። ኮምፒውተሩ ላይ ዘጋችው፣ ጠፋች። ከፈተችው፣ በራች። እንደገና ልትዘጋ ስትል እጇን ያዝኩት።

ብርቅዬ፣ ከጥቅምት ጀምሮ ማታ ማታ የምታይው ይሄን ኮምፒውተር ነው። ናርዶስ በሱ ማጥናት የጀመረችው ጥቅምት ነው፣ የምታጠናው ማታ ነው። «እሁድ እሁድ አይታይም፣ ቸርች ሄዶ ነው፣ ጌታን አልተወም» ብለሽኝ ደስ ብሎሽ ነበር። እሁድ እኛ ነን ቸርች የምንውለው። እኔም አምኜሻለሁ፣ ያመንሽው አንቺ ብቻ እንዳይመስልሽ። ጉባኤ ፊት ቆሜ ልጃችን ተገኘ ብዬ መስክሬያለሁ፣ ሰው ሁሉ እልል ብሎልኛል።

ሌላም አለ። ፎቶሽ አጠገብ ያልተከፈቱ መልእክቶችሽ ቁጥር ተጽፏል፣ ብዙ ነው። ናርዶስ እንክፈተው አለች፣ የእናትና የልጅ ነው፣ አትንኪ አልኳት። ምን እንዳለበት አውቃለሁ፣ ራስሽ ነግረሽኛል። ሊሄድ ሲል በስልክ «ከሄድክ እናት የለኝም በል» ብለሽው ነበርና፣ «ያየኛል ግን አይከፍተውም፣ አኩርፎኛል» ብለሽ በየማታው ይቅር በለኝ ትይዋለሽ። ልጄ፣ አላኮረፈሽም። ይሄን ከኔ ስሚ። ኢዮብ ኩርፊያ የት ያውቃል፣ እራት እስኪደርስ እንኳን ማኩረፍ የማይችል ልጅ። ሳይከፍተው የቀረው በቂም አይደለም።

በማግስቱ ቱላ ሄድኩ፣ ማርቆስ ጋ። ከኢዮብ ጋር አብሮ የወጣው ማርቆስ ብቻውን ከተመለሰ ጀምሮ እኔን ሲያይ መንገድ ይቀይራል፤ በአንዱ ፊቼ፣ የሲዳማ ዘመን መለወጫ በዓል ላይ፣ ጉዱማሌ ሜዳ ዓይን ለዓይን ተጋጥመን ሕዝብ መሃል ገብቶ ጠፋብኝ። እኔም ተውኩት፣ ልስማ ያላልኩት እኔው ነኝ። አሁን ግን ባጃጅ ይዤ ሱቁ በር ላይ ወረድኩ፣ መሸሻ አጣ። ወንበር ሰጠኝ፣ ለስላሳ ከፈተልኝ። ምንም አልጠየቅኩትም፣ ለስላሳዬን ጠጣሁ። መሬት መሬት እያየ፣ «እማማ፣ ጃኬቴን እሱ ላይ ትቼ ነው የመጣሁት» አለኝ።

የት አልኩት። ታንዛንያ ጫካ ውስጥ፣ በጣም ይበርድ ነበር አለኝ። ደግ አደረግክ፣ አንተንም ጌታ ያልብስህ አልኩትና ተነሳሁ። ከዚህ ሌላ አልጠየቅኩም፣ አንቺም ለጊዜው አትጠይቂኝ።

ይሄ መርዶ አይደለም። እኔ የጻፍኩልሽ ስለ ዲስክ ነው።

ኮንትራትሽ በዚህ ወር ያልቃል። «ኢዮብ ብቅ ሲል መሳፈሪያ ያስፈልገዋል፣ ሁለት ዓመት እጨምራለሁ» ብለሽኛል። አትፈርሚ። ለማዳምሽ እናቴ አርጅታለች፣ ትፈልገኛለች በያት፤ ውሸት አይደለም። ስሙን ከኮምፒውተሩ ላይ እንድንዘጋው ናርዶስ ጠይቃኝ ነበር፣ እምቢ አልኩ። መጥተሽ መልእክትሽንም ፎቶውንም አይተሽ በእጅሽ ትዘጊዋለሽ። እስከዛ ማታ ማታ ይበራል። ሲበራ ናርዶስ ናት፣ ፈተና ደርሶባታል። ይቅር በለኝ አትበይው። ለናርዶስ እራትሽን በላሽ ወይ ብለሽ ጻፊላት፣ እሷም እናት አላት።

የእድራችን ዳኛ አቶ ተክሌ ባለፈው ሳምንት ከሽማግሌዎች ጋር መጥቶ ነበር። ስለ ጉልበቴ ጠየቁኝ፣ ስለ ዝናቡ አወሩ፣ ከዛ ስለ ድንኳን አነሱ። እናቱ ሳትመጣ እዚህ ግቢ አንድ እንጨት አይተከልም አልኳቸው። ውሃ ጠጥተው ሄዱ። አልተቀየምኳቸውም።

ስለዚህ ነይ። ስጦታ ምናምን ብለሽ ገንዘብሽን አትበትኚ፣ ሻንጣሽ ቀላል ይሁን። ጥቁሩን ቀሚስሽን ብቻ እንዳትረሺ። ክረምቱ እየገባ ነው፣ ጥቁር ጭቃ አያሳይም።

ስትሄጂ የጠበቀሽ ጌታ ስትመጪም ይጠብቅሽ። የሀያትን እጅ ያዢ፣ አጥብቀሽ ያዢ።

እናትሽ ብዙአየሁ