በአንድ ምስማር ላይ ሁለት ከረጢት

ሰኞ፣ ነሐሴ 4

ዛሬም ሲያክክ ነጋ። ጆሮውን፣ ብብቱን፣ ከዚያ የጅራቱን ሥር። ወገቡ ላይ የእጄን መዳፍ የሚያህል ቦታ ፀጉሩ ረግፎ ቆዳው ታየ። ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባላል፤ የእኔው መከታ ግን በበላበት ያክካል።

ምግቡ ነው። ሌላ የተለወጠ ነገር የለም። ቁንጫ ፈልጌ አጣሁ፤ ከገላው ያልፈተሽኩት ቦታ አልቀረም። ይህ ጆንያ ከመጣ ሦስት ሳምንቱ፣ ማከክ ከጀመረ ሁለት ሳምንቱ።

ወንድሜ ጌታቸው አዲስ አበባ ተቀምጦ በስልክ ያዝዘኛል። ውሻው በፊት የእሱ ነበር። ጀርመን ሼፐርድ ነው ብሎ ገዝቶ፣ አከራዮቹ ውሻውን ካላስወጣህ ሲሉት መሐል ሜዳ ከተማ ድረስ አምጥቶ እኔ ላይ ጣለው። ሁለት ዓመት ሆነ። አሁን የማን እንደሆነ መከታን ጠይቁት። "ስንዱ፣ እንጀራ እንዳትሰጪው፤ እንዲህ ያለ ውሻ የሚበላው ደረቅ ምግብ ነው" ይለኛል። ዋናውን ከረጢት ከጓደኛው ጋር ተካፍለው ግማሹን በማዳበሪያ ጆንያ ገልብጦ በሚኒባስ ላከው። እንግዲህ ምን ምን እንዳለበት የተጻፈ የለ፣ ጊዜው መቼ እንደሚያልፍ የተጻፈ የለ። ቡናማ፣ ቀላ ያለ፣ ድብልብል ያለ ነገር ብቻ።

ትምህርት ቤት ተዘግቷል። የባዮሎጂ መምህርት በክረምት ሥራ የላትም። እመረምረዋለሁ፦

ማሽተት።
ወረቀት ላይ አሳድሮ ቅባቱን ማየት።
ውሃ ውስጥ መዘፍዘፍ።
ሁለት እፍኝ ለይቶ ደረቅ ቦታ ማቆየት፣ ከጆንያው ጋር ማወዳደር። (ጭጋጉ ሰሞኑን ቤት ድረስ ይገባል። ያበላሸው እርጥበቱ ይሆን?)

ለይቼ ያወጣሁትን በነጭ አቡጀዲ ከረጢት ቋጥሬ ከምድጃው በላይ ምስማር ላይ ሰቀልኩት።

ከሰዓት ለእማሆይ ዳቦ ቆሎ ሠራሁ። እማሆይ አጸደ አክስቴ ናቸው፤ እናቴ ስትሞት ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው። ፍልሰታ ከገባ ጀምሮ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ሱባኤ ይዘዋል። በቀን አንዴ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ቆሎ በውሃ። እሑድ ይቆርባሉ። በርበሬውን ቀነስኩላቸው፣ ጥቁር አዝሙድ ጨመርኩ፣ አቡጀዲው ተርፎኝ ስለነበር ሁለተኛ ከረጢት ሰፋሁ። እዚያው ሰቀልኩት።

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 5

ውጤት!

ሽታ፦ መጀመሪያ የሥጋ መረቅ ይመስላል፤ ዝቅ ብለው ሲያሸቱት የከረመ ዘይት።

ወረቀት፦ ቅባቱ ሦስት ገጽ አለፈ። ቅባቱ ውስጡ አይደለም፣ ከላይ የተቀባ ነው። ለሽታው ሲባል።

ውሃ፦ ሩብ ሰዓት ሳይሞላው ፈርሶ አጥሚት ሆነ። ውሃው ቀላ። ቀለም ነው! ውሻ ቀይን ለይቶ እንደማያይ ለዘጠነኛ ክፍል ስንቴ አስተምሬአለሁ። ይህ ቀለም የገባው ለመከታ ሳይሆን ለጌታቸው ነው።

የጆንያው ሥር፦ ዱቄት፣ ከዱቄቱ ውስጥ የሻጋታ ሽታ።

የመከታ ዐይነ ምድር፦ የበላውን ያህል ያወጣል። ሆዱ ለራሱ ያስቀረው ነገር የለም።

ገለባ ነው ያበላሁት። ተናደድኩ፤ ደግሞ ደስ አለኝ። ያወቅሁት እኔ ነኝ፣ በሁለት ሳህንና በአንድ አሮጌ ደብተር። ሥጋ የሚባል ያለበት አይመስለኝም። ለጌታቸው ይህንኑ ጽፌ ላክሁለት።

በመሐል ጎረቤቴ እትዬ ብርቄ ከበር ተጣሩ። ለቅዳሴ ማርያም መሄዳቸው ነው፤ ለእማሆይ የሚላከውን ሊወስዱልኝ። እጄ በዚያ ቀይ አጥሚት ተነክሮ ነበር። ከጓሮ ሆኜ "ምስማሩ ላይ ያለውን ነጭ ከረጢት ይውሰዱልኝ!" አልኳቸው። ወሰዱ። የሰው ጎረቤት እንዲህ ነው።

ረቡዕ፣ ነሐሴ 6



ጠዋት ለይቼ የሰቀልኩትን ለመከታ ላቅምሰው ብዬ ከረጢቱን ፈትቼ ሳህኑ ላይ ዘረገፍኩ። ዐይኔ ደብተሬ ላይ ነበር። አንድም ሳያስቀር ጠረገው። ሳህኑን ላሰ፣ እኔን አየ፣ ደግሞ ላሰ። በሦስት ሳምንት ውስጥ እንዲህ ሲበላ አላየሁም። እኔ ሞኟ "ደረቅ ቦታ የቆየው ይወደዳል፤ ጥፋቱ የእርጥበቱ ነው" ብዬ ጻፍኩ። ገጹ ይኸው፣ አልቀደድኩትም።

ከዚያ መከታን አነጠሰው። ደግሞ አነጠሰው። መሬት ላይ የወደቀች አንዲት ፍሬ አንስቼ ነከስኳት።

በርበሬዬ። ጥቁር አዝሙዴ።

ዳቦ ቆሎዬን ነው የበላው። ታዲያ እትዬ ብርቄ ይዘውት የሄዱት?

ምድጃው አጠገብ ቁጭ አልኩ። እማሆይ ጾም ገድፈው አያውቁም። የሳንባ ምች ይዟቸው ሐኪሙ "ወተት ካልጠጡ" ሲላቸው "ለእኔ ቤዛ የሚሆን ወተት የለም" ያሉ ሴት ናቸው። እሳቸውን ነው በፍልሰታ፣ በሱባኤ፣ ሊቆርቡ አራት ቀን ሲቀራቸው የውሻ ምግብ ያበላሁት። ያውም በእጄ በሰፋሁት ከረጢት።

ለጌታቸው ደወልኩ። "ይህ ነገር ሥጋ አለው?"

"ሥጋ ነው እንጂ ሌላ ምን አለው! ያ ትናንት የጻፍሽልኝ ሁሉ ምቀኝነት ነው።"

ትናንት ሥጋ የለውም ብዬ ስበሳጭ ውዬ፣ ዛሬ ሥጋ ባይኖረው ብዬ ለማርያም ተሳልኩ። ያንኑ ምግብ ለውሻዬ ጥሩ፣ ለአክስቴ መጥፎ እንዲሆን የምመኝ ሴት ሆኛለሁ። ምክንያቱን ለጌታቸው አልነገርኩትም።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 7

ጌታቸው ጓደኛውን ለምኖ የዋናውን ከረጢት ፎቶ አስነስቶ በቴሌግራም ላከልኝ። ኔትወርኩ እስኪከፍተው እንጀራ ይጋገራል። መጀመሪያ የሚጻፈው በብዛት ያለው ነው፤ ይህን አውቃለሁ።

በቆሎ። የስንዴ ፉርሽካ። አኩሪ አተር። የሩዝ ገለባ።

በየመስመሩ "እሰይ!" እል ነበር። ለካ መከታን ሲያሳክከው የከረመው የዶሮ መኖ ነው። ግን ምን ገዶኝ፣ የጾም ነው!

አምስተኛው፦ የዶሮ ተረፈ ምርት። ስድስተኛው፦ የእንስሳት ስብ። ከዚያ ቀለም።

የፈሩት ይደርሳል። ጊዜው የሚያልፍበት ቀን ደግሞ ተፍቋል።

አመሻሽ ላይ እትዬ ብርቄ ከቅዳሴ ሲመለሱ ጎራ አሉ። "እማሆይ እጅሽ ይባረክ ብለውሻል። ስትሠራ የደከመች ትመስላለች፣ ራሷን እንዳትጎዳ በይልኝ አሉ።" አመድ ሆንኩ። ይህን ለእትዬ ብርቄ ብነግራቸው ገበያው ሁሉ እስከ ሞላሌ ከተማ ድረስ ይሰማል። "አሜን" ብዬ ሸኘኋቸው።

ለመከታ የጆንያውን ምግብ ትናንት አቁሜለታለሁ። የገብስ ቂጣ በምስር መረቅ እያራስኩ እሰጠዋለሁ። እሱም ጾመኛ ሆነ።

ዓርብ፣ ነሐሴ 8

ለእማሆይ ልነግራቸው ወጣሁ። ማርያም በእግር አንድ ሰዓት ከሩብ ነው። ወንዙ ጋ ስደርስ ሞልቷል። ተመለስኩ።

እውነቱን ልጻፍ፤ ይህን ደብተር ከእኔ በቀር የሚያነበው የለም። ወንዙ አልከለከለኝም። ከእኔ ፊት አንዲት ሴት እንጨት ተሸክማ ተሻግራለች፤ ጉልበቷን እንኳ አላለፈም። ቆሜ አይቻታለሁ።

የፈራሁት እንዲህ ነው። ብነግራቸው እሑድ ሳይቆርቡ ይቀራሉ፤ ልባቸው ይሰበራል፤ የሰበርኩት እኔ። ባልነግራቸው ሳያውቁ ይቆርባሉ፣ እኔ ግን እያወቅሁ። ሳያውቁ የበሉት ኃጢአት አይሆንም ብዬ ራሴን ደጋግሜ አስተማርኩ። የሚያስተምር አፍ ነው ያለኝ፤ ምን ይሳነዋል።

መከታ ዛሬ አምስት ጊዜ ብቻ አከከ። ደስ ሊለኝ ሲገባ ይህም አናደደኝ።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 9

ተናገርኩ።

ንጋት ላይ ነው የወጣሁት፣ ሐሳቤን ሳልለውጥ። ወንዙን ጫማዬን አውልቄ ተሻገርኩ። እማሆይ ከሱባኤ ጎጆዋቸው ደጃፍ ዳዊታቸውን ይደግሙ ነበር። እስኪጨርሱ ቆምኩ። ከስተዋል። ጉልበታቸውን ስሜ እዚያው ተንበርክኬ፣ አንዱን ካንዱ እያምታታሁ፣ ከምስማሩ እስከ ዶሮው ተረፈ ምርት ድረስ ነገርኳቸው።

 

"የውሻ?" አሉ።

"አዎ፣ እማሆይ።"

"እኔ ደግሞ፣ ይቺ ልጅ ምነው ሙያዋ ጠፋ ብዬ አዝኜልሽ ነበር!"

አንድ እፍኝ መብላታቸውን ነገሩኝ። አንድ እፍኝ ብቻ። "ደረቅ ነው፣ ጣዕም የለው። የከረመ ቅባት ቅባት ይለኛል። ግን የስንዱ እጅ ነው፤ ለፍታበታለች፤ አላሳፍራትም አልኩ። ደግሞ ለሱባኤ ምን አማረኝ፤ ሥጋዬን ይቅጣልኝ ብዬ በውሃ ዋጥሁት።"

ሥጋዬን ይቅጣልኝ! አልቅሼ ሳልጨርስ ሳቅ አፈነኝ።

"የቀረውስ?"

"ለበረኛው ውሻ፣ ከግቢው ውጪ አፈሰስኩለት። አሸተተ፣ አሸተተና ትቶት ሄደ። ልጄ፣ እኔ ብገድፍም ውሻው አልገደፈበትም።"

እሳቸውም ሳቁ። ወዲያው ግን ፊታቸው ተለወጠ። ነጠላቸውን አጣፍተው ዳዊታቸውን አጥፈው ተነሡና ወደ ነፍስ አባታችን ሄዱ። ብቻዬን ቀረሁ። ጎጆው ደጃፍ ላይ የተቀመጥኩት ምን ያህል እንደሆነ አላውቅም፤ ዝናብ መጣ፣ ሄደ፣ ደግሞ መጣ። እምቢ ቢሏቸውስ? ስድሳ ዓመት ሙሉ ያልወደቀውን ጾም እኔ በአንድ ምስማር ብጥለውስ?

ተመልሰው መጡ። "'ሳያውቁ ነው፤ ንስሐዎን ተቀብያለሁ፤ ይቁረቡ' አሉኝ።" ከዚያ በጣታቸው ግንባሬን ነካ አደረጉኝ። "'ሦስት ቀን አውቃ ዝም ያለችዋን ግን ላኩልኝ' ብለዋል።"

ሄድኩ። እስከ ፍልሰታ ፍቺ በቀን አርባ አንድ ስግደት። ለምን ዝም እንዳልኩ ሲጠይቁኝ ወንዙን ላነሣ ነበር፤ አላነሣሁም።

እሑድ፣ ነሐሴ 10

እማሆይ ቆረቡ። ከሴቶቹ መሐል ሆኜ አየሁ። በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው አጠገቤ ሲያልፉ ቀና ብለው አላዩኝም፤ እጄን ብቻ በጣታቸው ጫን አድርገው አለፉ። እዚያው ዕንባዬ መጣ።

ስግደቱ ከነገ ይጀምራል፤ እሑድ አይሰገድም። ጉልበቴ ከወዲሁ ያመኛል።

የጆንያውን ትራፊ ጠዋት ከመውጣቴ በፊት ጓሮ ጉድጓድ ቆፍሬ ቀበርኩት። መከታ አጠገቤ ተቀምጦ ሲያየኝ ነበር፤ አልቆፈረውም። የተመለጠው ቦታ እንደተመለጠ ነው፤ ፀጉር ይብቀልበት አይብቀልበት ገና አላውቅም። ትናንት ሌሊት ግን ሲያክክ አልሰማሁትም፣ ወይም እኔ ነኝ እንቅልፍ የወሰደኝ።

ጌታቸው ደውሎ ነበር። "እሺ መምህርት፣ የመጨረሻው ውጤት ምን ሆነ?" አለኝ። ውሃውን፣ ወረቀቱን፣ ቀለሙን ልዘረዝርለት ጀመርኩና ተውኩት። የእማሆይን ነገርኩት።

ዛሬ አዲስ ዳቦ ቆሎ ይዤላቸው ሄጄ ነበር፤ በከረጢት አይደለም፣ በሰማያዊ ክዳን ባለው ባልዲ። የሚበሉበት ሰዓት ሲደርስ ክዳኑን ከፍተው ለረጅም ጊዜ አዩት። አሸተቱት።

"ይሄስ የማን ነው?" አሉኝ።

"የእርስዎ ነው፣ እማሆይ። ማርያምን።"

አንዲት ፍሬ ወስደው በቀስታ አኘኩ። ውሃ ጠጡ። ደግሞ አንዲት ወሰዱ።

"ይሄ ምግብ ነው" አሉ። "ያኛውን ግን፣ ልጄ፣ ለውሻም አትስጪ።"