ከክሬኑ መቆጣጠሪያ ያጠፋሁት መዝገብ

ውድ እታለም፣

ባለፈው እሁድ ልጆችሽን ስትቆጪ ሰማሁሽ። «እንደ አባታችሁ ዝርክርክ አትሁኑ!» አልሻቸው። ትልቋ አቀረቀረች። እኔ ሶፋሽ ላይ ተቀምጬ ሻይ እጠጣ ነበር።

ባልሽ ዝርክርክ አልነበረም።

እሱ ፋብሪካው ወለል ላይ ቆሞ ያንቀሳቅሰው የነበረው ብረት ማንሻ ክሬን፣ ሞተሩ የሚታዘዘው ግድግዳ ላይ በተሰቀለ መቆጣጠሪያ ነው። ችግር ሲኖር ሞተሩን ያቆምና ብልሽቱን ከነሰዓቱ ይመዘግባል። ባልሽ ከመሞቱ በፊት በነበሩት ሦስት ሳምንታት መቆጣጠሪያው ሞተሩን ሃያ ሦስት ጊዜ አቁሞታል። ሃያ ሦስቱም ላይ የተጻፈው አንድ ነው፦ ከአቅም በላይ ጭነት። ፍሬኑ አልለቅ ብሎ ሞተሩን ይዞት፣ እየተፋተገም እያለቀ ነበር፤ ካለቀ ደግሞ ሸክም አይይዝም። የኤሌክትሪክ ክፍሉ ኃላፊ እኔ ነኝ፤ ይህን ማወቅ ሥራዬ ነው፤ አውቄዋለሁም። ግን ፍሬኑን ፈትቶ ለመጠገን ግማሽ ቀን ሥራ ይቆማል፣ አለቃው ፊቱን ያጠቁርብኛል። ስለዚህ በቆመ ቁጥር ማስነሻ ቁልፏን ተጭኜ አስነሳው ነበር።

በመጨረሻው ቀን ጠዋት ባልሽ መጣ።

«አማቼ፣ ዛሬም ቆመ። ሸክሙም ሸርተት አለብኝ።»

«ምን ዓይነት ፈሪ ነህ? ሂድ ሥራህን ሥራ!» አልኩት ሰው ፊት። ሳቁበት። አንገቱን ደፍቶ ሄደ።

ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ብረቱ ወደቀበት።

አስከሬኑ ሳይነሳ ወደ መቆጣጠሪያው ሄድኩ። መዝገቡን ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። የመጨረሻው ብልሽት ከመሞቱ አርባ ደቂቃ በፊት የተመዘገበ ነው። ማጥፊያውን ስጫን «ሁሉም ይጥፋ?» ብሎ መቆጣጠሪያው ጠየቀኝ። አዎ አልኩት። መርማሪዎቹ ሲመጡ ባዶ ነበር። «መሣሪያው ጤነኛ ነው፤ ሟቹ ሸክም ሥር መቆም ያበዛ ነበር» ብዬ ፈረምኩ። በቀብሩ ማግስት ላንቺም ያንኑ ነገርኩሽ። «ሸክም ሥር ምን አቆመው?» እያልሽ እሱን ረገምሽ፤ እኔን አቅፈሽ።

የምጽፍልሽ ተጸጽቼ እንዳይመስልሽ። ይቅርታም አልጠይቅሽም። ልጅቷ ስታቀረቅር ማየት ስለሰለቸኝ ብቻ ነው።

ይህን ደብዳቤ ለፖሊስ ብትወስጂው እክዳለሁ። በኮምፒውተር የተተየበ ነው እንጂ በእጄ አልጻፍኩትም፤ ስሜም የለበትም። «ሐዘኑ አእምሮዋን ነክቷታል» እላለሁ፣ ያምኑኛል። አንቺ ራስሽ ስንት ዓመት አምነሽኛል?

እሁድ እንደወትሮው እመጣለሁ። በሩን ክፈቺልኝ፣ ልጆቹ ፊት ፈገግ በዪ።

የእናትሽ ልጅ