መቼና የት

ለውድ እህቴ ለእትዬ ለሊሴ ሮባ፤ ካለሽበት ባሕር ማዶ፣ በርገን

እንዴት ነሽ እትዬ? እንደምን ከርመሽልኛል? ብርዱ ሲጠና የሚነሳብሽ የጉልበት ሕመምስ ዘንድሮ ተወሽ ወይ? ባለቤትሽ ኤቢሳ የሌሊት ተረኝነቱን አስለወጠ? ሃቦኔ አዲሱን ትምህርት ቤት ለመደችው? ትንሹ ቦንሳስ አሁንም ጫማውን ግራና ቀኝ እያሳሳተ ነው የሚወጣው? እኛ ደህና ነን። ደህና ነን ብዬ ስጽፍ እስክሪብቶዬ ትንሽ ቆመ። ለጊዜው ቃሉን እንዳለ ተቀበይኝ፣ ኋላ እመለስበታለሁ።

እሁድ በስልክ አውርተን ሳለ ምን የሚጻፍ ነገር ተገኘ ትዪ ይሆናል። ስልኩ ሲጮህ አባባ ወንበሩን ስቦ አጠገቤ ይቀመጣል፤ ድምፁን ከፍ አድርጊው ይለኛል፤ የምትዪውን ሁሉ አብሮኝ ይሰማል። ስለ እሱ በእሱ ፊት እንዴት አወራለሁ? ስለዚህ ወረቀት ያዝኩ። ከጀመርኩ ወዲህ ሁለት ጊዜ ተነስቼ የግቢውን በር አይቻለሁ። ተዘግቷል።

መጀመሪያ ደስ የሚለውን። አምና ጉደርና ሐሮ ወንጪ ሐይቅ ላይ የቀረጽነው ፊልም በሁለት ዘርፍ ለሽልማት ታጭቷል። በሲኒማቶግራፊ ካሜራማናችን እንግዳወርቅ፣ በመቼት እኔ። መቼት ያልኩሽ አርት ዳይሬክሽን የሚሉትን ነው፤ ቤቱን፣ መንገዱን፣ ዕቃውን፣ ታሪኩ የሚኖርበትን ሁሉ የማሰናዳት ሥራ። ቃሉን ያበጀው ሰው መቼ የሚለውንና የት የሚለውን አንድ ላይ ሰፍቶ ነው። ስሜ በራዲዮ ሲጠራ ገበያ ውስጥ ቲማቲም እየመረጥኩ ነበር። ደስ አለኝ። ወዲያው ደግሞ ቲማቲሙን እዚያው ትቼ ወጣሁ።

መናኸሪያው ፊት ለፊት የአባባን ሱቅ የተከራየውን ጉደታን፣ ፀጉር አስተካካዩን፣ ታስታውሺዋለሽ። ከመስተዋቱ ጎን ደንበኞቹ የኳስ ውጤት የሚገምቱበት ጥቁር ሰሌዳ አለው። የተሳሳተ ለስላሳ ይጋብዛል። ዘንድሮ ከኳሱ በታች የእኛን ሁለት ዘርፎች በጠመኔ ጽፎ አገኘሁት። ሲያየኝ መቀሱን አቁሞ፣ ኧረ ቢሊሴ ነይ እስቲ፣ ይሄ ሲኒማቶግራፊ የሚሉት የሥራ ስም ነው የበሽታ? አለኝ። ካሜራው እንዴት እንደሚያይ የሚወዳደሩበት ነው፣ የእኔ ደግሞ ካሜራው ምን እንደሚያይ ነው አልኩት። ታዲያ ተዋናዩ ምን ሠራ? አለ። ግማሽ ፀጉሩን የተቆረጠ ደንበኛ ከወንበሩ ላይ ሆኖ፣ እሱማ ደመወዙን በላ፣ ብሎ መለሰለት። መቼት የሚለውን ቃል ስፈታለት ጉደታ ከት ብሎ ሳቀ። መቼ? የት? ይሄማ የሰርግ ጥሪ ነው፣ ሰዓቱንም ጨምሩበትና እንምጣ! ቤቱ በሳቅ ተሞላ። እኔም ሳቅኩ። ከወጣሁ በኋላ ግን መቼ፣ የት፣ መቼ፣ የት እያልኩ እስከ ሁሉቃ ድልድይ ድረስ ሄድኩ። እዚያ ምን እንደወሰደኝ አላውቅም። ተመለስኩ።

ግምቱን እኔም አልተውኩትም። ልብስ እያጠብኩ እገምታለሁ። የሲኒማቶግራፊው ቀላል ነው። ዳኞች ውሃ ይወዳሉ፣ ጭጋግ ይወዳሉ፣ በትልቅ ውሃ ላይ አንዲት ትንሽ ጀልባ ይወዳሉ። እንግዳወርቅ ወንጪ ላይ ሦስቱንም አግኝቷል። ሌላው ሰው ሐይቁ ላይ ጭጋጉ እስኪነሳ ይጠብቃል፣ እሱ እስኪመጣ ነበር የሚጠብቀው። የጀልባው ባለቤት፣ ይሄ ሰውዬ ፀሐይ ወጥታለት ደመና ይለምናል፣ እያለ ሲታዘበው ከረመ። አብረውት ከታጩት አንዱ በረሃ ቀርጿል፣ አንዱ የከተማ መብራት። እንግዳወርቅ ይወስደዋል ብዬ ሰሌዳው ላይ ጻፍኩ።

የእኔ ዘርፍ ሌላ ነው። ብዙ ጊዜ የሚያሸንፈው የድሮ ዘመን ፊልም ነው፤ ፋኖስ፣ ጋሻ፣ በቆዳ የተለበጠ ወንበር ያለበት። ከእኔ ጋር የታጨ አንዱ ሙሉ ግቢ ከነአጥሩ አስገንብቷል አሉ። የእኛ ታሪክ ደግሞ የዛሬ ነው። ለሥራ የተመደበች አንዲት ነርስ በማታውቀው ከተማ ታፔላ እያነበበች ቤት ስትፈልግ ትውላለች፣ ይኸው ነው። የዛሬን ጎዳና የሠራ ሰው ምንም የሠራ አይመስልም፤ ሥራው ካማረ ተመልካቹ ድሮም እዚያ የነበረ ይመስለዋል። ስለዚህ እንደምሸነፍ በሙሉ ልብ ገምቼ ነበር። እፎይም ብዬ ነበር።

ዳኞቹ ስለ ዕጩዎቹ የጻፉትን አስተያየት እስካነብ ድረስ።

አሁን ስለ ታፔላዎቹ ልንገርሽ፣ ቀስ ብለሽ አንብቢልኝ። አምቦ ላይ መንገድ ዘግቶ መቅረጽ ስለማይሆን ጉደር ውስጥ ተዘግተው የቆዩ ሱቆች አግኝተን የአምቦ ጎዳና አደረግናቸው። ታፔላ አስፈለገን። ታፔላ በማሽን የሚያትሙት ባነር ቤቶች ከመጡ ወዲህ አባባ ብሩሽ እንዳልጨበጠ ታውቂያለሽ። እኔ ደግሞ የእሱን ፊደል ፈለግሁ፤ እግሩን ከፈት አድርጎ የሚቆመውን ያንን የእሱን «ለ»። ልጠይቀው ስል ፈርቼ ነበር። እሱ ግን ወዲያው ተነሳ። የደረቁ ብሩሾቹን አለስልሶ፣ ሰሌዳዎቹን አጥሩ ላይ አስደግፎ ሲሠራ ሰነበተ። ሳያልቅ ማየት አይፈቀድም አለኝ። እያፏጨ ነበር የሚሠራው እትዬ። እማዬ ካረፈች ወዲህ ሲያፏጭ ሰምቼው አላውቅም።

ያየኋቸው መኪናው ሊጭናቸው ሲመጣ ነው። እኔ የሰጠሁት አምቦ ፋርማሲ፣ አምቦ ጤና ጣቢያ፣ አምቦ ማዘጋጃ ቤት የሚል ነበር። እሱ የጻፈው ሀገረ ሕይወት ፋርማሲ። ሀገረ ሕይወት ጤና ጣቢያ። ሀገረ ሕይወት ማዘጋጃ ቤት። ሁሉም እንዲሁ። አሁን በአሮጌ ወረቀቶች ላይ ብቻ የምናየው የከተማችን የአምቦ የቀድሞ ስም። ከግርጌ ደግሞ እንደ ልማዱ ስሙና ዓመቱ፤ ሮባ፣ 1971። አንቺ የተወለድሽው በ1974 ነው። በ1971 አባባ ወንደላጤ ነበር፤ ሱቁን ገና መክፈቱ፣ እማዬንም ገና አላያትም ነበር።

ቀልድ መሰለኝ። አባባ ምን ነክቶህ ነው፣ አልኩት እየሳቅኩ። እሱ አልሳቀም። ቀለሙ ሳይደርቅ እንዳትነኪው አለኝ። ቀጥሎም፣ አስተዳዳሪው ዛሬ መጥቶ ያየዋል፣ ሰዓት የሚያከብር ሰው ነው፣ ብሎ ሸሚዝ ሊቀይር ገባ። የትኛው አስተዳዳሪ? ንጹሕ ሸሚዙን ለብሶ፣ የአንገቱን ቁልፍ ቆልፎ በሩ ላይ ቆመ። መኪናው ሲወጣ ወደ ኋላ አየሁት። እንደቆመ ነው።

ቀረጻው አይጠብቅም፣ ሌላ ሰሌዳም አልነበረን። ይዣቸው ሄድኩ። እንግዳወርቅ በሌንሱ አየና፣ ይሄንን ማን አሰበው? ወርቅ ነው፣ ማንም እንዳይነካው፣ አለ። እኔ የሰሌዳውን ሚስማር ማጥበቅ ጀመርኩ። ነርሷ በእጅ ስልኳ እያወራች በድሮው ስም ስር አለፈች።

ዳኞቹ የጻፉትን ልገልብጥልሽ። «የዛሬዋን ከተማ በትናንት ስሟ በመጥራት፣ ባለታሪኳ የት ብቻ ሳይሆን መቼም እንደጠፋች ያሳየ፣ ደፋርና የታሰበበት መቼት።» የታሰበበት። ይህችን ቃል ይዣት እዞራለሁ። ማን አሰበበት?

ጉደታ አሁን ሰሌዳው ላይ እኔን አንደኛ አድርጎኛል። ኦቦ ሮባ አሸነፉ በሉ፣ ብሩሽ ድሮ ቀረ ያለ ሁሉ ይፈር፣ እያለ ይፎክራል። ሰው መንገድ ላይ አባባን አቁሞ እንኳን ደስ ያለዎት ይለዋል። እሱም በኦሮምኛ ሰላም ነው ለማለት ነጋ፣ ነጋ እያለ ጨብጦ ያልፋል። ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብሎ፣ ሰውዬው ምን አግኝቶ ነው እንዲህ ደስ ያለው? ይለኛል።

አዘጋጆቹ ደወሉ። ሽልማቱ መጋቢት ላይ አዲስ አበባ ነው። ታፔላዎቹን የጻፉትን አባትሽን ይዘሻቸው ነይ፣ ፊት ወንበር ይዘንላቸዋል፣ ካሸነፍሽ አብራችሁ ትወጣላችሁ አሉኝ። ፊት ወንበር በከንቱ አይያዝም። እንግዳወርቅም፣ ያለቀ ነገር ነው ቢሊሴ፣ ንግግርሽን ጀምሪ፤ አባትሽ መድረኩ ላይ ከቆሙ አዳራሹ በሙሉ ያለቅሳል፣ አለኝ። እሱ ነገሩን አያውቅም። ልነግረው አፌን ከፈትኩና ስለ ሌንስ ጠየቅሁት።

መድረኩን አስበዋለሁ። ያ ሁሉ መብራት። ማይኩን ሲሰጡት አስተዳዳሪውን ቢያመሰግንስ? ሰው ግጥም መስሎት ያጨበጭባል። ብቻዬን ብወጣስ? የታሰበበት ነው ብዬ ዋንጫውን ልቀበል? እውነቱን ብናገርስ፣ አባቴ የት እንዳለ ያውቃል፣ የጠፋበት መቼው ነው ብል? ቤት ተቀምጦ ራቱን የሚጠብቅ ሰው ሕመሙ በማይክ ይነገራል? ሦስቱንም እንደ ልብስ እየለካሁ አወልቃለሁ፤ አንዱም ልኬ አይደለም።

አዎ እትዬ፣ አባታችን እንዲህ ሆኗል። ሁልጊዜ አይደለም። በስልክ ደህና የሚመስልሽ፣ ነጋ፣ ልጆቹ እንዴት ናቸው፣ በርቱ የሚለው ቃል ከአፉ ስለማይጠፋ ነው። ስሞቹን ግን ልብ ብለሽ ስሚ፤ ሃቦኔን በስሟ ከጠራት ቆየ። ሐኪም ጋ ወሰድኩት፤ እየባሰ የሚሄድ ዓይነት ነው አለችኝ፣ ፍጥነቱን ግን እሷም አታውቅም። አንድ ጠዋት አሮጌ ቁልፉን ይዞ መናኸሪያ ወርዶ የጉደታን በር ሊከፍት ሲታገል ተገኘ። ጉደታ እግዜር ይስጠው፣ ቁልፉን በሁለት እጁ ተቀብሎ፣ ኦቦ ሮባ ዛሬ አረፈዱ እኮ፣ እኔ ከፍቼልዎታለሁ፣ ብሎ ወንበር አቀረበለት። ፂሙን ላጨው። ከዚያ ወዲህ ስለ ሰሌዳው ሲቀልድ እኔን አያየኝም።

በቀደም ራቱን ሳቀርብለት ከወንበሩ ተነስቶ ቆመልኝ። ኢሲን አለኝ። ኦሮምኛሽ ካልጠፋብሽ ታውቂዋለሽ፣ እርስዎ ማለት ነው፤ ለእንግዳ፣ ለሚከበር ሰው። ኢሲን ኢንተለ ኤኙቲ? እርስዎ የማን ልጅ ነዎት? አለኝ አንገቱን ሰበር አድርጎ። የሮባ ልጅ ነኝ አልኩት። አሰበ። ሮባ የሚባል አንድ ታፔላ ጸሐፊ አውቃለሁ፣ እሱ ግን ገና አላገባም፣ አለኝ። ከዚያ ተቀምጦ ራቱን በላ። ጠዋት ሲነሳ ቢሊሴ ብሎ ጠራኝ።

እንግዲህ ግምቴን ስሚ። በሲኒማቶግራፊ እንግዳወርቅ ያሸንፋል፣ በጭጋጉ። በመቼት እኔ አሸንፋለሁ፣ በታፔላዎቹ። የማልፈልገውን ስገምት ተሳስቼ አላውቅም። አባባን ግን አልወስደውም፤ ይህን ደብዳቤ እየጻፍኩ ነው የወሰንኩት። ከተጠራሁ እወጣና፣ ታፔላዎቹን የጻፋቸው አባቴ ሮባ ነው፣ እሱ እንደጻፋቸው ናቸው፣ ብዬ እወርዳለሁ። ሌላ አልጨምርም። ያን ቀን ጉደታ ሱቁን ዘግቶ አብሮት ይውላል።

የእኔ ጥያቄ ከዚያ በኋላ ላለው ነው። ለፋሲካ እመጣለሁ ብለሽ ነበር፣ ከዚያ ለክረምት አዛወርሽው። ሥራሽን አውቃለሁ፣ የልጆቹን ትምህርትም አውቃለሁ። ግን ለፋሲካ ያውቅሽ ይሆናል። ስለ ክረምት ሰሌዳው ላይ የምጽፈው ግምት የለኝም። ነይ እትዬ። ቢነሳልሽና እርስዎ ቢልሽም ነይ።

ኤቢሳን በጣም ሰላም በይልኝ፤ ይህን ስታነቢ አጠገብሽ ይሁን። ሃቦኔን ግንባሯን ሳሚልኝ፤ በስልክ ስታወራው አያቷን፣ ሃቦኔ ነኝ፣ ብላ ትጀምር፣ ምክንያቱን አንቺ ታውቂያለሽ። ቦንሳን ሁለቱንም ጉንጮቹን። ከእናንተ በላይ ባለው ፎቅ ያሉትን፣ ሾርባ የሚያመጡልሽን አሮጊትም ሰላም በያቸው። ጉደታ፣ ለሊሴ ስትመጣ ፀጉሯን በነጻ ነው የምሠራላት፣ ብሎሻል፤ የሴት ፀጉር እንደማይችል ከተማው ሁሉ ያውቃል።

አባባ አሁን መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ለማን ነው? አለኝ። ለለሊሴ አልኩት። ጥሩ ስም ነው አለ። ከዚያ የእኔን ጽሕፈት አይቶ ፊቱን አኮማተረ። ይሄ ምን ይባላል፣ ዶሮ ጭራበት ነው? ቦታውንና ቀኑን እንኳ ሰው በሚያነበው ፊደል ልጻፍልሽ፣ አለኝ። ዛሬ የካቲት 17 ቀን 2016 ነው። ቀኑ ስንት ነው ብሎ ጠየቀኝ፣ የካቲት 17 አልኩት። ዓመቱን አልጠየቀኝም። እስክሪብቶውን ሰጥቼዋለሁ። የሚጽፈውን አላርምም።

እህትሽ ቢሊሴ ሮባ

ሀገረ ሕይወት፣ የካቲት 17 ቀን 1971 ዓ.ም.