ተጠራቅሞ የመጣ ደመወዝ

ይድረስ ለበኵር ልጄ፤

ጤንነትህ እንዴት ሰንብቷል? ባለቤትህና ልጆችህስ? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደኅና ነኝ። እናትህም «ደኅና ናት በልልኝ» ብላኛለች፤ እንዳለችው ጽፌአለሁ።

በላክኸው ደብዳቤ ሹመትህን አበሠርኸን። አያሌ የሰዋስው ግድፈት ባገኝበትም ደስ ብሎኝ ነበር። የደመወዝ ክፍል ኀላፊ የሆንኸው እናትህ ክር ለምትፈትልበት ፋብሪካ መሆኑን ግን የዘነጋኸው ይመስለኛል።

እንደምታውቀው ፋብሪካው በአሮጌው ዓመት መጨረሻ ሦስት ወር ደመወዝ አልከፈለም። አዲሱ ዓመት ሲገባ ሁሉንም አጠራቅሞ በአንድ ቀን ሰጠ፤ ያንተ ክፍልም የአንድ ወር ገቢ አስመስሎ በከፍተኛው የግብር ምጣኔ ቈረጠው። እናትህን ክንዷን ይዤ ስለማደርሳት ከክፍያው መስኮት ፊት ቆሜ ነበር። አንዲት ፈታይ፣ «ሦስት ወር በዱቤ ስንኖር ደኻ ነበርን፤ ዛሬ ለአንድ ቀን ሀብታም አድርጋችሁ ልትቀጡን ነው ወይ?» ስትል ሰልፉ በሳቅ አውካካ። እናትህ አልሳቀችም።

ከፋዩን ጠየቅሁት። ውዝፉ በየተሠራበት ወር ተከፋፍሎ እንዲሰላ አንተ ያለህበት ዋናው መሥሪያ ቤት ለግብር ቢሮ ማመልከት እንደሚችል አልሸሸገኝም። «ነገር ግን አባባ፣ ‹ሥራ ያበዛል፣ ገንዘቡ የወጣው በአዲሱ ዓመት ነው› የሚል ትእዛዝ ደርሶናል፤ ፊርማውም የልጅዎ ነው» አለኝ። ከኋላዬ የነበረችው ሴት፣ «እሰይ፣ የተማረ ልጅ እንዲህ ነው!» አለች። ዕድሜዬን ሙሉ ያስተማርሁ ሰው የእናትህን ክንድ ይዤ ከሰልፉ ወጣሁ።

ይህን መጻፌን እናትህ አታውቅም። «ልጄ ሕግ ቢያከብር ነው፤ እንዳታሳፍረው» ብላኛለች። ገንዘቡን ለምን እንዳሰበችው እንዳልነግርህም አስምላኛለች፤ ስለዚህ አልነግርህም። የሐኪም ቀጠሮዋን አስተላልፋዋለች። የተበጠሰ ክር አሁን የምትፈልገው በጣቷ ነው፤ አለቃዋ እንዳያውቅባት ባልንጀሮቿ ይሸፍኑላታል። ያንተን ደብዳቤ ቀድሞ ከእጄ ነጥቃ ታነበው ነበር፤ የአሁኑን ግን ደጋግማ አስነበበችኝ።

ማመልከቻውን እስከ ወሩ መጨረሻ ይቀበላሉ ተብያለሁ። አንድ ገጽ ነው፤ መጻፉ ቢያቅትህ እኔ አርምልሃለሁ።

ፈጣሪ ማስተዋልን ይስጥህ፤ ልጆችህን ለቁም ነገር ያብቃልህ፤ ስምህንም በየሰልፉ ከመነሣት ይሰውርልህ።

ለእናትህ ስትጽፍ ከእንግዲህ ፊደሉን አግዝፈው። የሚሻለው ግን መጥተህ ድምፅህን ብታሰማት ነው።

አባትህ