ጥግ የያዘችው አይጥ

ሴፕቴምበር 18፣ ረቡዕ

ዝናብ። ጉልበቴን አሞኛል። ቢሆንም ጠዋት ወደ ሕዝብ ኮሌጁ ሄድኩ። ከስልሳ አምስት ዓመት በላይ ለሆነ ሰው ነጻ ነው... ቤት ቁጭ ብሎ ግድግዳ ከማየት ይሻላል። የብሩሽ ጽሕፈቱ ሞልቷል አሉኝ። የተረፈው «ሥነ ልቦና ለኑሮ» ብቻ።

አስተማሪያችን ዌን የምትባል ልጅ ናት፣ ሠላሳ አይሞላትም። ኮምፒውተሩ ላይ አንዲት ነጭ አይጥ ከፈተችልን። የእውነት አይደለችም፣ ፕሮግራም ናት። ሳጥን ውስጥ ትዞራለች። ግድግዳው ላይ ያለውን መጫኛ ስትጫን ቀጭ ይልና ምግብ ይወድቅላታል። የኛ ሥራ መጫን ማስተማር ነው።

ከጎኔ የተቀመጡት ወይዘሮ ሉዎ አይጣቸውን በሟች ባላቸው ስም ጠሯት። «እሱን አርባ ዓመት ሞክሬ አልሆነልኝም፣ በዚህች ልካስ እንጂ!» ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

የኔዋ ትንቀዋለላለች፣ ጢሟን ትልሳለች። ወለሉን በኤሌክትሪክ የሚነዝር ቁልፍ አለ። መጫኛውን ትታ በሄደች ቁጥር ነዘርኳት። ከሃያ ደቂቃ በኋላ ጥግ ይዛ ኩርምት አለች። ወይ ፍንክች!

«መምህር ጻይ፣ ምን አደረጓት?» አለችኝ ዌን።

«ሰነፍ ናት።»

«ሰነፍ አይደለችም። ፈርታ ነው።»

ሠላሳ አራት ዓመት የትምህርት ቤት ሥርዓት አስከባሪ ነበርኩ። ቀርከሃዬን ይዤ ብቅ ስል ኮሪደሩ ጸጥ ይል ነበር። ዛሬ ይቺ ናት ስለ ፍርሃት የምታስተምረኝ?

ሴፕቴምበር 22፣ እሑድ

ልጄ ጂንግ-ዪ አልደወለችም። ድሮ እሑድ እሑድ ትደውል ነበር። ባለፈው የጨረቃ አዲስ ዓመት በሁለተኛው ቀን እንኳ አልመጣችም። ያገባች ልጅ ሁሉ አባቷ ቤት የምትገባበት ቀን... ጎረቤቱ ልጆቹን ሲቀበል በሬን ዘግቼ ቴሌቪዥን አየሁ። ዘንድሮስ?

ኦክቶበር 2

ዌን አዲስ አይጥ ከፈተችልኝ። የድሮዋን ከማሳመን አጥፍቶ እንደገና መጀመር ይቀላል አለች። ለፕሮግራም ይቀላል።

«እስክትጫን አትጠብቁ። ወደ መጫኛው ዘወር ስትል ስጧት። ጠጋ ስትል ስጧት። ግን ወዲያውኑ!»

ከአንድ ሰዓት በኋላ ተጫነች። «ተጫነች!» ብዬ ጮህኩ። ወይዘሮ ሉዎ አጨበጨቡልኝ። ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ፎቶ ነገርኳት። ከሞተች ሦስት ዓመቷ። ብትኖር ምን ትለኝ ነበር? «ለአይጥ ትዕግሥት አለህ ለካ» ነው የምትለኝ።

ኦክቶበር 13፣ እሑድ

ደወለች! ከሁለት ወር በኋላ።

«በሕይወት አለሽ እንዴ? ወይስ ቁጥሬ ጠፍቶብሽ ነው?»

ሥራ በዝቶባት ነበር። «ሥራ የሌለው ማን አለ?» አልኳት። ሦስት ደቂቃ አወራን። ስልኩን ስዘጋ ደስ ብሎኝ ነበር። ሻይ አፈላሁ።

ኖቬምበር 6

ዛሬ ፕሮግራሙ የሚሥለውን መስመር አየን። አይጧ በተጫነች ቁጥር ፕሮግራሙ መስመሩን ከፍ ያደርገዋል። መጫን ስታቆም መስመሩ ይተኛል። «ስትጫን ከነዘራችኋት እንዲህ ይሆናል» አለችና ዌን የተኛ መስመር አሳየችን።

ቤት ገብቼ ወረቀት አወጣሁ። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል... ጂንግ-ዪ የደወለችባቸውን ቀኖች ትዝ ያሉኝን ያህል ጻፍኩ፣ እኔ ያልኳትንም።

ዕድገት አግኝታ ስትነግረኝ፦ «ባልሽስ መቼ ነው የሚያድገው?»

በልደቴ ማግስት ስትደውል፦ «ልደቴ ትናንት ነበር።»

እናቷ በሞተች በመቶኛው ቀን፣ እያለቀሰች፦ «በሕይወት እያለች ብትመጪ ኖሮ።»

ይህን ብያለሁ። በዚህ አፌ። መጀመሪያ በየሳምንቱ ነበር፣ ከዚያ በወር፣ ከዚያ በሁለት ወር። እኔ ልጄን፣ የባሏን ዘመዶች፣ ሥራዋን፣ ዘመኑን ስወቅስ ኖርኩ... ደወለች፣ ነዘርኳት። ነገሩ ይኸው ነው። አፈርኩ።

አባቴም እንዲህ ነበር ብዬ ልጽናና? «በልተሃል?» ከሚለው ሌላ ደግ ቃል ሰምቼው አላውቅም። ሲሞት ግን አላለቀስኩም።

ኖቬምበር 27

ከክፍል በኋላ ዌንን ጠየቅኳት።

«ጭራሽ የማትጫን ከሆነስ?»

«በነጻ ይስጧት። ምንም ሳትሠራ። መጀመሪያ ሳጥኑ ውስጥ ደግ ነገር እንዳለ ትወቅ።» ትንሽ አየችኝ። «ስለ አይጧ ነው አይደል የሚጠይቁኝ?»

«ሌላ ማን አለኝ?»

ወይዘሮ ሉዎ ጆሯቸው ቀጥ ብሎ ኖሮ፣ «ስልክ እኮ ከሁለቱም ወገን ይደውላል፣ መምህር!» አሉኝ። አባት ለልጁ አስቀድሞ አይደውልም። በኛ ቤት እንዲህ ያለ ነገር የለም። ሴትዮዋ ምን አገባቸው?

ዲሴምበር 15

የደረቀ የዓሣ እንቁላል ገዛሁ፣ ትወደዋለች። ዕቃ ከሚልከው የማዕዘኑ ሱቅ ላኩላት። ምንም አልጻፍኩበትም።

ዲሴምበር 18

በስልክ የድብ ሥዕል ላከችልኝ። ድቡ ጎንበስ ብሎ እጅ ይነሳል። አለቀ።

«ሁለት ቃል መጻፍ አቃተሽ?» ብዬ ጻፍኩ። ጣቴ መላኪያው ላይ ደርሶ ነበር። አጠፋሁት። በምትኩ «ሳሳ አድርገሽ ቆርጠሽ ጥበሺው» ብዬ ላኩ። ላብ አጠመቀኝ።

ጃንዋሪ 12፣ እሑድ

ደወለች። ለሳምንታት በመስታወት ፊት የተለማመድኩትን አልኳት፦ «ድምፅሽን ስሰማ ደስ አለኝ።»



«አባባ... ታመዋል እንዴ?»

«ኧረ ደህና ነኝ።»

«እውነቱን ይንገሩኝ! ሐኪሙ ምን አለ? የእማማም እንዲህ ነበር የጀመረው፣ ደበቃችሁኝ...» ማልቀስ ጀመረች።

«ካልሞትኩ ደግ ቃል አይወጣኝም ማለት ነው? ምን ዓይነት ልጅ ነሽ አንቺ?» ብዬ ጮህኩባት።

አመል ያወጣል ከመሐል። ዘጋችው።

ጃንዋሪ 22

የመጨረሻ ክፍል። ዌን የምስክር ወረቀት ሰጠችኝ። ወይዘሮ ሉዎ ፎቶ አነሱኝ። አይጤ በደቂቃ አሥራ ሁለት ጊዜ ትጫናለች።

ጃንዋሪ 30፣ የጨረቃ አዲስ ዓመት ሁለተኛ ቀን

ለስድስት ሰዓት ምሳ ከጎሕ ጀምሬ ሠራሁ። ትምጣ አትምጣ አላውቅም። ስድስት ሰዓት አለፈ። ሰባት ሊሆን ሲል በመስኮት ወደ ታች አየሁ።

በር ላይ ቆማለች። ብቻዋን። ባሏ መኪና ማቆሚያ ፍለጋ ሄዶ ኖሯል። እጇን ወደ ደወሉ አነሳች... አወረደች። ፀጉሯን አስተካከለች። አነሳች። አወረደች። ከዚያ ግድግዳውን ተጠግታ ቆመች። አርባ አንድ ዓመቷ ነው።

ያቺን አይጥ አጥፍተናት ነበር። ይቺን እንዴት አጠፋታለሁ?

አራት ፎቅ በዚህ ጉልበት ወረድኩ። ሳትደውል ከፈትኩላት።

«አባባ መንገዱ ተዘጋግቶ፣ ከሌሊቱ በአሥራ አንድ ሰዓት ነው የወጣነው፣ እኔ ነኝ ጥፋተኛዋ...» ባንድ ትንፋሽ። ድምፁን አወቅኩት፣ ቢሮዬ የሚገቡ ልጆች እንዲህ ነበር የሚያወሩት።

«ግቢ፣ ብርድ ነው» አልኳት።

ለምሳ ቀረብን። አመል እንዳይቀድመኝ አፌን ያዝኩ። ስለ መዘግየቷ ምንም፣ ስለ ባሏ ምንም፣ ስለ ባለፈው ዓመት ምንም። ዓሣውን ወደሷ ገፋሁት። በኩራት ነበር የተቀመጥኩት፣ ሞኙ!

እሷ ግን አልበላችም። በየመሐሉ ቀና ብላ ፊቴን ታያለች።

ሲሄዱ በሩ ላይ ባሏን አስቀደመችና ወደኔ ዞረች። ዓይኗ እንባ ሞልቷል።

«አባባ፣ ዛሬ አንድም ቃል አልተናገሩኝም። ምን አጠፋሁ?»

ምንም አላጠፋሽም ማለት ነበረብኝ። አንገቴን ብቻ ነቀነቅሁ። ሊፍት የለንም፣ ደረጃውን ስትወርድ ጫማዋ እስከ ታች ተሰማኝ።

ምግቡ እንዳለ ነው። አላነሳሁትም።

ፌብሩዋሪ 2፣ እሑድ

ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ የቤቱን ስልክ አነሳሁ። ቁጥሯን በቃሌ አላውቀውም ኖሯል፣ ደውዬላት ስለማላውቅ። ከደብተር ፈለግኩት።

አንዴ ጠራ። ሁለቴ። ስድስት ጊዜ ጠራና ቆመ።

አራት ሰዓት ሲሞላ እንደገና እደውላለሁ።