ጆሯችንን ለደፈኑልን የጥራት ክፍል ኃላፊ

ለተከበሩ የፋብሪካችን የጥራት ክፍል ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ ጤና፣ ለቤተሰብዎ ሰላም፣ ለጆሮዎም ደህንነት እመኛለሁ። እኔ በፍተሻ ክፍል ከመስኮቱ ሥር የምቀመጠው፣ እርስዎ «እናታችን» እያሉ የሚጠሩኝ ሴት ነኝ። ፊደል የቆጠርኩት ከሸበትኩ በኋላ ነውና፣ የሚያስቀይም ቃል ካገኙ ባለማወቅ የገባ አይምሰልዎት፤ አስቤበት ነው።

ይህን ደብዳቤ በዋናው በር ሰሌዳ ላይ የለጠፍኩት ሁሉም እንዲያነበው ስለሆነ፣ ሥራችንን ለማያውቅ አላፊ አግዳሚ ጥቂት ላስረዳ። መኪና ጠዋት ሲነሣ ጭሱን የሚያጣራው ዕቃ ገና ቀዝቃዛ በመሆኑ በደንብ አይሠራም፤ ስለዚህ በጭስ ማውጫው ቧንቧ ውስጥ በኤሌክትሪክ የሚግል ሳህን ይገባል። ሳህኑ ቧንቧውን ከነካ ኤሌክትሪኩ ወደ ብረቱ ያመልጣል፤ ጭሱም እንዳለ ከኋላ በቆመው ሰው ፊት ላይ ይወጣል። ሳህኑን ይዘው ከብረቱ የሚለዩት እኛ የምንሠራቸው፣ ከትንሽ ጣት የማይበልጡ የሴራሚክ ድጋፎች ናቸው። ደህናው ድጋፍ በብረት ዘንግ መታ ሲያደርጉት ጥርት ብሎ ይጮኻል፤ ውስጡ የተሰነጠቀው ድምፁ ይታፈናል። ስንጥቁ በዓይን አይታይም። እኛ ወደ ጆሯችን አስጠግተን እየመታን እንሰማለን፤ ደህናውን አረንጓዴ ቀለም እንቀባለን።

አንደኛ፣ አየር የሚጨምቀውን ጯኺ ሞተር፣ ኮምፕሬሰሩን፣ ከግቢ አስነሥተው ከወንበራችን ጀርባ ስላስተከሉልን እናመሰግናለን። ብቸኝነት እንዳይሰማን አስበው ይሆናል።

ሁለተኛ፣ ጩኸቱ እንዳይጎዳን ተጨንቀው የጆሮ መሰኪያ ስላደሉን፣ የሚያወልቅ ሠራተኛ እንደሚባረርም ስላስጠነቀቁን ምስጋናችን የላቀ ነው። በጆሮው እንጀራ የሚበላን ሰው ጆሮ መድፈን ለሌላ ኃላፊ አይታይም ነበር። ወዲያው፣ ከአንድ ጠረጴዛ በስተቀር፣ የተሰነጠቀ ድጋፍ ከፋብሪካችን ጠፋ፤ እርስዎም ጥራት አሻሻሉ ተብለው ተጨበጨበልዎ። እኔም አጨብጭቤአለሁ።

ሦስተኛው የልጄ ሚስት ጉዳይ ነው። ከጎኔ ነበር የምትሠራው። ፊደል ያስቆጠረችኝ እሷ ናት፤ ከእራት በኋላ ጠረጴዛውን ጠርጋ፣ ጣቷን ውሃ እየነከረች እየጻፈችልኝ፣ ሳይደርቅ እንዳነበው እያጣደፈችኝ፣ ስሳሳት እየሳቀችብኝ። ውድቅ ዕቃ የሚወጣው ከእሷ ጠረጴዛ ብቻ ስለሆነ ተጠረጠረች። ፀጉሯን ወደ ላይ ስለምትጠቀልል ባዶ ጆሮዋን ለማየት አልተቸገሩም። እሷ ግን ድጋፉን አንሥታ «ይኼ ተሰንጥቋል፤ ሰምቼዋለሁ» አለችዎት።

ያን ጊዜ ወደ እኔ ዞረው፣ ኮምፕሬሰሩ እያጓራ፣ ድምፅዎን እንኳ ከፍ ሳያደርጉ «እናታችን፣ እርስዎስ ሰምተዋል?» ብለው ጠየቁኝ። እኔም ወዲያው «አልሰማሁም፤ መሰኪያ አድርጌአለሁ» ብዬ መለስኩ።

መሰኪያ ያደረገች አሮጊት ያንን ጥያቄ ልትሰማ እንደማትችል እርስዎ አላጡትም። ከሻሼ ሥር ጆሮዬ ባዶ ነበር። ሳልሰማ መሥራት አይሆንልኝም፤ የታፈነውንም እሰማ ነበር፤ ሰምቼም አረንጓዴ እቀባው ነበር። ሌሎቹ ሴቶች ተደፍነው ነው ያሳለፉት፤ እኔ ግን እያወቅሁ ነው። መልሴን በፈገግታ ስለተቀበሉልኝ አመሰግናለሁ። የልጄ ሚስት ጆሮዬ ባዶ መሆኑን ታውቅ ነበር። ሻሼን ብታነሣው ኖሮ ነገሩ ያልቅ ነበር፤ እሷ ግን እጇን ሰብስባ፣ ተባራ ወጣች።

ቤት ውስጥ አልተጣላንም። ፊት «እማዬ፣ ነይ ብዪ» ነበር የምትለኝ፤ አሁን ሳህኑን ፊቴ አስቀምጣ «ይብሉ» ትለኛለች። ሰው በአክብሮት ሊቆስል እንደሚችል ከእሷ ተምሬአለሁና ለእርስዎም በአክብሮት መጻፍን መረጥኩ። እስካሁን የምጽፈውን ሁሉ የምታርመው እሷ ነበረች፤ ይህንን ግን እንድታርምልኝ ለመጠየቅ ፊት አጣሁ።

ስለዚህ ጥቂት ጊዜ ቢተርፍዎ፣ በመጋዘን ውስጥ የጭነት መኪና የሚጠብቁት ሣጥኖች ይከፈቱ፤ ኮምፕሬሰሩ ይጥፋና እኔ የቀባሁት በሙሉ እንደገና ይመታ። የሚመታውም የልጄ ሚስት ትሁን። መሰኪያ በማውለቅ መባረር ካለ ደግሞ የእኔ ወንበር ባዶ ነው፤ ሻሼን ከነመሰኪያው ላዩ ላይ ትቼዋለሁ።

እስከ ትናንት ድረስ እጅግ ታዛዥዎ የነበረችው፣
ከመስኮቱ ሥር የምትቀመጠው ፈታሽ

ማስታወሻ፦ ከዚህ ወረቀት ሥር በክር ያንጠለጠልኩት ድጋፍ የልጄ ሚስት ያሳየችዎት ነው፤ እሷ ከወጣች በኋላ አረንጓዴ የቀባሁት እኔ ነኝ። በእስክሪብቶዎ መታ አድርገው ያዳምጡት። ድምፁ ከታፈነብዎ ጆሮዎን አይጠራጠሩ። የእርስዎም ጆሮ እንደ እኔው ደህና ነው፤ ያን ዕለትም ደህና ነበር።